ስታቲንና ኮኤንዛይም ኪው 10፦ የሚወራውና እውነታው

«ስታቲን ኪው 10ን ያሟጥጣል፣ ጡንቻን ይጨርሳል፤ ተወውና ኪው 10 ውሰድ።» ይህ ምክር ስንቱን ሰው ከስታቲን፣ ማለትም ከኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒቱ አለያይቷል! ኪው 10 የተባለው ሴሎች ኃይል እንዲያመነጩ የሚረዳ፣ በክኒን መልክም የሚሸጥ ንጥረ ነገር ነው። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባለት ሰው ሳይቀር ሰምቶት መድኃኒቱን ያቆማል።

መነሻው እውነት አለው። ሰውነት ኮሌስትሮልንና ኪው 10ን መሥራት የሚጀምረው በአንድ መንገድ ነው፤ ስታቲን ያንን መንገድ ስለሚያዘገይ በደም ውስጥ ያለው ኪው 10 ይቀንሳል። ነገር ግን ኪው 10ን በደም ውስጥ ይዞ የሚዞረው በአብዛኛው ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) ነው። ኤልዲኤል ሲወርድ ኪው 10ም አብሮ መውረዱ አይቀርም። ጡንቻ ውስጥ ያለው ግን በጥናቶች ሁሉ ቀንሶ አልተገኘም፤ ኪው 10 መውሰድ ሕመሙን ያስታግስ እንደሆነ የተደረጉት ሙከራዎችም አይስማሙም። በ2020 የወጣው ሳምሶን የተባለው የእንግሊዝ ጥናት፣ በሕመም ምክንያት ስታቲን ላቆሙ 60 ሰዎች ስታቲንና መድኃኒት የሌለበት ክኒን በየወሩ እያፈራረቀ ሰጠ። በስታቲን ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶው ክኒንም ተሰማቸው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ መንስኤው ግን ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ አይደለም።

ስለዚህ ጡንቻዎን ካመመዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቁሙ። ክሬያቲን ካይኔዝ (ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) እና ታይሮይድ ይመርመሩ። የሚወስዱትን ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ለምሳሌ ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የሲምቫስታቲንንና የአቶርቫስታቲንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል። ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረና ጡንቻዎ ከዛለ ግን ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ኪው 10 የሚወራው ሌላም አለ። «ቫይታሚን ነው።» አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ይሠራዋል።

«ፓርኪንሰንን ያዘገያል።» በቀን 1200 እና 2400 ሚሊግራም ተሞክሮ አልጠቀመም፤ ጥናቱም ተቋረጠ።

«የልብ መድኃኒትን ይተካል።» ጠቀመ የተባለው በ2014 በወጣ፣ 420 የልብ ድካም ሕሙማንን ባካተተ ጥናት ነው፤ የወሰዱትም 100 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከመደበኛው መድኃኒታቸው ጋር ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም።» በሩማቲክ የልብ ሕመም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላችሁ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የምትወስዱ፣ ይህን ልብ በሉ። ኪው 10 በኬሚካዊ ቅርጹ ከቫይታሚን ኬ ጋር ስለሚመሳሰል የዋርፋሪንን ኃይል ሊያዳክም ይችላል፤ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ የምርመራ ቁጥር) ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ዘመድ ከውጭ የላከውን ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት ክትትል ለሚያደርግላችሁ ሐኪም ንገሩ፤ ከጀመራችሁም በሳምንት ውስጥ አይኤንአር ተለኩ።

ሐኪም ፈቅዶላችሁ የምትወስዱ ደግሞ በባዶ ሆድ አትዋጡት፤ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። በጾም ዘይት ያለው ሽሮ ይበቃል። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ስላለ የመጨረሻውን ክኒን ከመኝታ ሰዓት አርቁት።