የተደራጀ ፀረ-ሴማዊነት ምንድን ነው?

አይሁዳውያንን መጥላት፣ ማለትም ፀረ-ሴማዊነት፣ በአውሮፓ ዘመናት ያስቆጠረ ነገር ነው። በጀርመን ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታየው ግን ሌላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጥላቻው ማኅበር አቋቋመ፣ ፊርማ አሰባሰበ፣ ምርጫ ተወዳደረ። የተደራጀ ፀረ-ሴማዊነት የሚባለው ይኼ ነው።

ለምን ያኔ? ጀርመን በ1871 አንድ አገር ስትሆን አይሁዳውያን በሕግ ከሌላው ዜጋ እኩል ሆኑ። በ1873 ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኮተ፤ ብዙ ሰው ጥሪቱን አጣ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ የነበሩት አይሁዳውያን ላይ ጣት ተቀሰረ።

በ1879 ቪልሄልም ማር የተባለ ጋዜጠኛ የፀረ-ሴማውያን ሊግን መሠረተ። ማር የሚከራከረው ስለ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ ዘር ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በድሮው ጥላቻ ጊዜ ክርስትና የተነሳን አይሁዳዊ ቢያንስ በመርህ ደረጃ ይተዉት ነበር። ነገሩ የዘር ከሆነ ግን መውጫ የለውም።

የቤተ መንግሥቱ ሰባኪ አዶልፍ ሽቶከርም ነበር። ፓርቲ ያቋቋመው ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች ለመንጠቅ ነው። ሠራተኛው ፊት ሲነሳው አይሁዳውያንን ማውገዝ ያዘ፤ አዳራሹም በትናንሽ ነጋዴዎችና በእጅ ባለሙያዎች ሞላ። በዚያው በ1879 ታዋቂው የታሪክ ፕሮፌሰር ሃይንሪሽ ፎን ትራይችከ «አይሁዳውያን መከራችን ናቸው» የሚለውን አባባል በመጽሔት አወጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የባሰው ጉዳት የእሱ ነው። ማርን ከቁም ነገር የማይቆጥር የተማረ ሰው ፕሮፌሰሩን አክብሮ ሰማ። ሌላው የታሪክ ሊቅ ቴዎዶር ሞምዘን በጽሑፍ ተሟገተው።

ከዚያ ፊርማው መጣ። በ1880 የተጀመረው አቤቱታ ለመንግሥቱ መሪ ለቻንስለር ቢስማርክ አራት ጥያቄ ያቀርባል፦ የውጭ አይሁዳውያን መግባት ይገደብ፣ አይሁዳውያን ከመንግሥት ሥልጣን በተለይም ከዳኝነት ይውጡ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አያስተምሩ፣ ቁጥራቸው ለብቻ ይመዝገብ። ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው ፈረመ። ከፈራሚዎቹ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ነገ ዳኛና መምህር የሚሆኑት ማለት ነው። ቢስማርክ ጥያቄውን ሕግ አላደረገውም።

ፀረ-ሴማውያኑ ፓርቲዎች በምርጫም ቢሆን ብዙ አልተሳካላቸውም። በ1893 በደንብ አሸነፉ ሲባል ያገኙት ከ397 መቀመጫ 16 ነው። ኋላም እርስ በርስ ተባሉና ተበታተኑ።

ታዲያ ሞቱ? ፓርቲዎቹ አዎ፣ ሐሳቡ ግን ቤት ቀየረ። ትልቁ የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ በ1892 በፕሮግራሙ አካተተው። የባለርስቶችና የገበሬዎች ሊግ፣ የተማሪ ማኅበራት፣ ብሔርተኛው የፓን-ጀርመን ሊግ ተቀባበሉት። አይሁዳውያንም ዝም አላሉም፤ በ1893 ማዕከላዊ ማኅበር አቋቁመው በፍርድ ቤትና በጋዜጣ መብታቸውን ተከራከሩ።

ከአቤቱታው ጥያቄዎች አንዱ፣ ለብቻ መቁጠር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916፣ ጦር ሠራዊቱ ውስጥ ተፈጸመ። አይሁዳውያን ከግንባር ይሸሻሉ የሚል ሐሜት ስለበዛ ወታደሮቹ ተቆጠሩ፤ ውጤቱ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ለሕዝብ አልወጣም። ወደ 12,000 የሚሆኑ አይሁዳውያን ለጀርመን ሲዋጉ ሞተዋል። ከመንግሥት ሥራ ይውጡ የሚለው ደግሞ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 1933፣ ሕግ ሆኖ ወጣ።