የቤት ውስጥ ብርሃን ለሰላጣና ለቃሪያ ይበቃል? አለካኩ፣ ጎጃም ላለ ሰው

ጎጃም ብርሃን አይቸግረውም። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ደመና በሌለበት የበጋ ቀን ቀትር ላይ የደጁ ብርሃን ከ100,000 ሉክስ ያልፋል፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። ችግሩ በሩን አልፈን ስንገባ ነው። ሳሎን መሃል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ100 እስከ 500 ሉክስ ነው። ከደጁ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ዓይናችን ግን ደብዘዝ ሲል ብሌኑ እየሰፋ ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑን አይነግረንም። ስለዚህ «ቤቴ ብርሃን በብርሃን ነው» የሚለው ለሰላጣ ዋስትና አይሆንም። መለካት አለበት።

ነገሩ በተለይ የሚጠቅመው ግቢ ለሌለው ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ወይም ኪራይ ክፍል ውስጥ እየኖረ በመስኮቱ ሥር በሶብላ፣ ሰላጣ ወይም ቆስጣ ማብቀል ለሚፈልግ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ደግሞ በርበሬ የታወቀ ነው፤ ጥቂት የቃሪያ ችግኝ ከዶፍና ከበረዶ አስጥሎ ቤት ውስጥ ማፍላት የሚያምረውም አይጠፋም።

ምን እንደምንለካ እንወቅ። ተክል ምግቡን የሚሠራው በዋናነት የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ነው። ይህ ክልል ፓር ይባላል። ኪት ማክሪ የተባለው ተመራማሪ የ22 ዓይነት ሰብሎችን ቅጠል በተለያየ የብርሃን ቀለም ፈትኖ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ቀዩ ብርሃን የበለጠ ይሠራል፣ አረንጓዴውም ግን ሥራ ላይ ይውላል። ተክል አረንጓዴ ብርሃን ፈጽሞ አይጠቀምም የሚባለው ልክ አይደለም፤ ሐምራዊ አምፖል ፍለጋ መንከራተትም አያስፈልግም። ተራው ነጭ ይበቃል።

በዚህ ክልል ውስጥ ያሉት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት እንደሚያርፉ በማይክሮሞል ይቆጠራል፤ ማይክሮሞል እንደ ደርዘን ያለ የቁጥር መጠሪያ ነው፣ ግን እጅግ ብዙ ቅንጣት የሚይዝ። ይህ የዚያች ቅጽበት ልክ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት የተጠራቀመው ደግሞ በሞል፣ ማለትም በሚሊዮን ማይክሮሞል፣ ይቆጠራል፤ ዲኤልአይ ይሉታል። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ለቀኑ ድምር ነው፣ ምክንያቱም መስኮቱ ላይ ለአንድ ሰዓት ቦግ ብላ የምትጠፋ ፀሐይ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ሰላጣ በቀን ከ12 እስከ 17 ሞል ሲያገኝ ደህና ያድጋል። ቲማቲምና ቃሪያ ጥሩ ፍሬ እንዲሰጡ ከ20 እስከ 30 ይፈልጋሉ። ደጅ፣ በጠራ የበጋ ቀን፣ 40 ሞል አካባቢ ይገኛል።

ትክክለኛው መሣሪያ ፓር ሜትር ነው፤ ዋጋው ግን ለጥቂት ሥር ሰላጣ አይወጣም። ርካሽ ሉክስ ሜትር ወይም ስልክ ላይ የሚጫን የሉክስ አፕ ይበቃል። ሉክስ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ አረንጓዴ አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው አብልጦ የሚያየው። ስለዚህ መቀየር ያስፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን ከሆነ ሉክሱን ለ54 ማካፈል፣ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ለ67 ገደማ። ውጤቱ ማይክሮሞል ነው። ሐምራዊ አምፖል ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ሉክሱ በጣም ዝቅ ብሎ ይታያል።

ስልኩን በቅጠሉ ከፍታ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ፈቀቅ በሉ። የስልክ ሴንሰር ስለሚለያይ መጀመሪያ ቀትር ላይ ደጅ አውጥታችሁ ፈትኑት፤ 100,000 አካባቢ ማሳየት ሲገባው ከዚያ በታች አንድ ቁጥር ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ ለቤት ውስጥ እንጂ ለጠራራ ፀሐይ አይሆንም ማለት ነው። ከዚያ ከጠዋቱ 1፣ 3፣ 5፣ ከዚያም 7፣ 9 እና 11 ሰዓት ላይ ለኩና አማካዩን ያዙ።

እንበል አማካዩ 5,400 ሉክስ ሆነ። ለ54 ሲካፈል 100 ማይክሮሞል ነው። በ12 ሰዓት፣ በየሰዓቱ 3,600 ሰከንድ ሲባዛ 4.3 ሞል ገደማ ይመጣል። ለሰላጣ ከሚፈለገው ሲሶ ያህል ብቻ! መስኮቱ ግን ለዓይን ቦግ ያለ ነው።

የመስኮቱ አቅጣጫ እንደ ወሩ ይለያያል፣ ይህን ከውጭ የሚመጣ ምክር አይነግራችሁም። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። ሰኔ ላይ የምታጋድለው ትንሽ ስለሆነ የጣራው ክፈፍ ይጋርዳታል፤ ታኅሣሥ ላይ ግን 35 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስለምትል በደቡቡ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ በጋ ላይ የለካችሁት ቁጥር ለሐምሌ አያገለግልም። ክረምት ላይ ደመናውም አለ፣ እንደገና ለኩ።

የጎደለውን በአምፖል መሙላት ይቻላል። 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን (አምፖሉ በጠቅላላ የሚያወጣው ብርሃን ልክ) ያህል ይሰጣል፣ ይህም ወደ 12 ማይክሮሞል በሰከንድ ነው። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቦታ፣ የመስኮቱን 4.3 ሞል ወደ 12 ለማድረስ በ16 ሰዓት ሲሰላ 3 አምፖል ለጥቂት ይበቃል፤ ወደ ጎን የሚባክን ስላለ 4 አድርጉት። በወር 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ የአንድ አምፖል ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። መሃሉን ብቻ ሳይሆን ጥጎቹንም ለኩ። ለቅጠላ ቅጠልና ለችግኝ ይህ ያዋጣል፣ ቃሪያን እስከ ፍሬ ድረስ በአምፖል ማድረስ ግን በእኔ እይታ ወጪው አይመጣጠንም፤ ችግኙ ሲጠነክር ደጅ ይውጣ።

መብራት ቢጠፋስ? ዋናው የቀኑ ድምር ስለሆነ ሦስት ሰዓት ከጠፋ ማታ ሦስት ሰዓት ማካካስ ይቻላል። ሰላጣ በቀን እስከ 18 ሰዓት ብርሃን ይችላል። ቲማቲም ግን ያለ ጨለማ 24 ሰዓት ከበራበት ቅጠሉ ይጎዳል፣ ስለዚህ እሱን ሌሊት አሳርፉት።