ደምን በድምፅ መለየት ማለት ምንድነው?

እዚህ ባህር ዳር አልትራሳውንድ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የእርጉዝ ምርመራ ስለሆነ «በአልትራሳውንድ የደም ሴል ይለያል» ሲባል ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ያኛው ምስል ለማየት ነው፣ በዚህኛው ግን ድምፁ ራሱ ሴሎቹን ይገፋል፣ ያውም ከሰውነት ውጭ በተቀዳ ደም ላይ።

ደሙ ቀጠን ተደርጎ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ በምትሰፋ ቦይ ይሄዳል፣ ቦይዋ ላይ የተለጠፈው ነገር በሰከንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ አካባቢ ይንቀጠቀጣል (ጆሯችን እስከ 20 ሺህ ብቻ ነው የሚሰማው)። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ባለበት ይቆማል፣ ጣና ዳር ማዕበሉ ግንቡን መቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋ ተጋጥሞ አንዱ ቦታ ሲዘል አንዱ ዝም እንደሚለው በሉት። ሴሎቹ ወደ መሀል፣ ግፊቱ ወደማይለዋወጥበት ይሰበሰባሉ፣ ስብ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ግድግዳው።

ዋናው ነገር መጠን ነው። የሴሉ ስፋት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል፣ የፈሳሹ ሰበቃ ግን 2 እጥፍ ብቻ፣ ስለዚህ 4 እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) የሆነው ቀይ ሴል ቀድሞ መሀል ሲገባ 2 ወይ 3 ማይክሮሜትር የሆነው ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ትንሹ የደም ክፍል) ዳር ይቀራል፣ ቦይዋ መጨረሻ ላይ ስትከፈል ለየብቻ ይወጣሉ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር እኮ ነው! ሴሎቹም ሳይጎዱ።

በየቀኑ የሚሰራበት ግን አሁንም ሴንትሪፊውጅ (ደሙን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን) ነው። አልትራሳውንድ የተነሳችሁ ደሞ ደሜ ተለያየ ብላችሁ አትስጉ፣ የምርመራው ድምፅ አጫጭር ምት ነው፣ ደም ስር ውስጥም ሞገዱን ይዞ የሚያቆም ጠንካራ ግድግዳ የለም።