«መብረር አንዴ ከተማሩት አይረሳም»፦ ስለ ግል አብራሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለጥምቀት ጎንደር ስገባ፣ አሜሪካ የበረራ ፈቃድ ማውጣቴን የሰሙ ዘመዶቼ ቡና ላይ በጥያቄ አጣደፉኝ። የገረመኝ፣ ከጥያቄዎቻቸው ውስጥ የነበሩት የተሳሳቱ ግምቶች ብዙ አብራሪዎችም የሚያምኑባቸው መሆናቸው ነው።

«ፈቃድ ካለህ ምን ቀረህ?» አሉኝ አጎቴ።
የአሜሪካ የግል አብራሪ ፈቃድ የማብቂያ ቀን የለውም። ሕጉ በየ24 ወሩ ከአሰልጣኝ ጋር ቢያንስ የ1 ሰዓት ትምህርትና የ1 ሰዓት በረራ ያዛል። ሰው ለማሳፈር ደግሞ ባለፉት 90 ቀናት 3 ጊዜ መነሳትና ማረፍ ያስፈልጋል። ይህን ያሟላ ሰው ሕግ አልጣሰም፤ ብቁ ነው ማለት ግን አይደለም። ሦስቱንም ነፋስ በሌለበት ማለዳ ሊጨርሳቸው ይችላልና።

«እጅ የለመደውን አይረሳም።»
ቀድሞ የሚጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። አራት ወር ሳልበር ቆይቼ የተመለስኩ ዕለት መሪውን የያዘው እጄ ደህና ነበር። ለማረፍ ስቃረብ ግን ሬዲዮው ጠራኝ፤ እሱን ስመልስ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ፍላፕ ረሳሁት። አሰልጣኜ ምንም ሳይናገር ማንሻውን በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ከበረራ በፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማጥፋት ያለውን ሁሉ ድምፄን አውጥቼ እደግመዋለሁ።

«ዋናው የሰዓት ብዛት ነው።»
በተረጋጋ ሰማይ መቶ ሰዓት ቀጥ ብሎ የበረረ ሰው የተለማመደው ቀጥ ብሎ መብረርን ነው። በጎን ነፋስ ማረፍን፣ ሞተር ጠፋ ብሎ ማረፊያ መፈለግን፣ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳትን ለየብቻ መለማመድ ግድ ነው።

«ማረፍ የትም ያው ነው።»
ይህኛው ነፍስ ያጠፋል። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በአቪዬሽን ስሌት እዚህ ከፍታ ላይ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ነው። ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም 2,900 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይደክማል። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ትንሽ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ኃይል ከሩብ በላይ ያጣል። ሲያርፍ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር ያሳያል፤ መሬቱ ግን 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ያልፋል። ቆላ የለመደ ዓይን «ፈጥነሃል» ይላል። አብራሪው ዓይኑን አምኖ ፍጥነት ከቀነሰ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። መታመን ያለበት የመለኪያው መርፌ ነው።

«የኮምፒውተር በረራ የልጆች ጨዋታ ነው።»
መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ ያለውን ስሜት አያስተምርም። ቅደም ተከተልና መሣሪያ ማንበብን ግን በደንብ ያስተምራል። የእህቴ ልጅ በኮምፒውተሩ አዘዞን ከፍቶ ሙቀቱን 30 ዲግሪ አደረገው፤ አውሮፕላኑ የተነሳው በባሕር ጠረፍ ከለመድኩት እጥፍ ያህል ተንደርድሮ ነው።