መከራና የእግዚአብሔር ምሕረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሕፃን ልጇን የቀበረች እናት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ አጠገቧ የነበሩ ሴት «እስቲ ራስሽን መርምሪ፤ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም» ሲሏት ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ የመጡት ሊያጽናኗት ነበር። እናቲቱ ግን ከዚያ በኋላ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም።

«መከራ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ነው።»
ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ኃጢአት ጉዳት እንደሚያስከትል ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ነገር ግን የሰውን ሕመም አይቶ በደሉን መገመትን ጌታ ራሱ አልፈቀደም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁት፣ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው (ዮሐ. 9)። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎችም ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ ነገሩን ወደ ሰሚዎቹ ንስሐ መለሰው (ሉቃ. 13)። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋርም በመከራው ጊዜ ሲከራከሩት የቆዩት «በድለህ ነው» በሚል ነበር። በመጨረሻ ግን የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው የተወለደበትን ቀን በረገመው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው፤ ከቁጣውም የዳኑት ያው የወቀሱት ኢዮብ ስለ ጸለየላቸው ነው። ስለ እግዚአብሔር የሚከራከሩ መስሏቸው ስለ እርሱ ቅን ነገር አለመናገራቸው እኔን ዘወትር ያስፈራኛል።

«ጌታ የሚወደውን ይቀጣልና ስቃይ በራሱ መልካም ነው።»
ቃሉ ከዕብራውያን መልእክት የተወሰደ ሲሆን፣ የተነገረውም የሚጸኑትን ለማበረታታት ነው። ክርስቶስ ግን ለምጻሙን አነጻው እንጂ «ለምጽህ ይጠቅምሃል» ብሎ አላሰናበተውም፤ ሊያስነሣው ላለው ለአልዓዛርም አለቀሰ። ሰቆቃወ ኤርምያስም እግዚአብሔር የሰውን ልጆች ከልቡ እንደማያስጨንቅ ይናገራል።

«ያልተፈወሰ ሰው እምነቱ ጎድሎ ነው።»
ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት 3 ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ምሕረት ፈውስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጳውሎስ ምሕረት አላገኘም ማለት ይሆን ነበር።

«መድኃኒት መውሰድ ጠበሉን መጠራጠር ነው።»
ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ጠበል ቦታ መድኃኒቱን በጉያው ደብቆ የሚውጥ ሕመምተኛ የሚደበቀው ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከሰው ፍርድ ነው።

«አማኝ አያማርርም፤ ያዘነም ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል።»
«አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» የሚለው የዳዊት መዝሙር በመስቀል ላይ የጌታችን ጸሎት ሆኗል። በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) ስንልም ምሕረትን እንለምናለን እንጂ ስለ መከራችን ማብራሪያ አንጠይቅም። የኢዮብ ወዳጆችም ክርክሩን ከመጀመራቸው በፊት ያደረጉት መልካም ነበር፤ ልብሳቸውን ቀድደው፣ ትቢያ በራሳቸው ላይ ነስንሰው፣ ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ ስላዩ 7 ቀንና 7 ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ።