«ኢንጂነሩ መጣ፣ እስቲ መኪናዋን ይያት!»

በዓል በመጣ ቁጥር አጎቴ ቤት የሚጠብቀኝ ነገር አለ። ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ «ኢንጂነሩ መጣ፣ እስቲ መኪናዋን ይያት» ይላሉ። ኮፈኑ ይከፈታል። እኔም አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ምን እንደማይ ግን እግዜር ይወቅ። አምስት ዓመት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ቪትዟ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምታስቸግር አላውቅም። የሰፈሩ መካኒክ ከድምጿ ያውቃል።

ስለ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ሰው የሚላቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። እኔ ስለምሰማቸው ልናገር።

«መካኒካል ማለት መኪና ነው»

ያሳሳተን ስሙ ነው። ትምህርቱ ስለ ኃይል፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ፈሳሽና ስለ እንቅስቃሴ ነው። መኪና የዚህ አንድ ምሳሌ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም እንደዚያው። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። ከዚያ ሙቀት ምን ያህሉ እንጀራውን ያበስላል? ምን ያህሉ ከሥር ያመልጣል? ጥያቄው የመካኒካል ነው። የህዳሴ ግድብን ብንወስድ፣ ኮንክሪቱ የሲቪል ኢንጂነሮች፣ ከጄኔሬተሩ ወዲያ ያለው የኤሌክትሪካል ኢንጂነሮች ነው። ውኃ የሚያሽከረክራቸው 13 ተርባይኖች ግን የእኛ ናቸው።

«ዲግሪ ካለው እጁም ይሠራል»

ይሄኛው ለተማሪውም ለቀጣሪውም ጣጣ ነው። ግቢ ውስጥ ወርክሾፕ አለ፤ ቶርኖ በሚባለው የብረት መላጫ ማሽን ላይ አንድ ሁለት ብረት ትልጣለህ፣ ብየዳ ትሞክራለህ፣ ያበቃል። እጅ የሚመጣው ሥራ ላይ ነው።

አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሄድኩ። እንፋሎት ለሚያመርተው ቦይለር ውኃ የሚገፋ ፓምፕ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ጠጠር ያለበት ይመስል ይንኳኳል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሁለቴ ተቀይሯል፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ፎርማኑ ረጅም ካቻቢቴ አነሡ። ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዳመጡ። «ኩሽኔታው ጤነኛ ነው። የሚጮኸው ውኃው ነው» አሉኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ ነው። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ፓምፕ ቀዝቃዛ ውኃን በስሌት ደረጃ ከ10 ሜትር ዝቅታ ይስባል፤ እኛ ጋ 8 ሜትርም አይሞላም። የፋብሪካው ታንከር ውኃ ደግሞ ሊፈላ ጥቂት የቀረው ነበር። መሳቢያው ቱቦ ላይ ግፊቱ ትንሽ ቢወርድ እዚያው ይፈላል፤ አረፋው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል። ካቪቴሽን ይሉታል። ጠጠሩ እሱ ነው። ግን ግፊቱን ምን አወረደው?

ጠዋት የመሳቢያውን ማጣሪያ ከፈትነው። በዝገት ተደፍኗል። አጠብነው፣ ድምፁ ጠፋ። ፎርማኑ ሦስት ገጽ ስሌቴን አገላብጠው አዩና «ታዲያ ይኼን ሁሉ ወረቀት የፈጀኸው ማጣሪያ እጠቡ ለማለት ነው?» አሉኝ።

ማለት የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ፦ ወረቀቱ ለሚቀጥለው ፓምፕ ነው። ታንከሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ መትከል እንደሚረዳ የሚናገረው እሱ ነው።

«ሒሳብ ጎበዝ ከሆነ ይበቃዋል»

ሒሳቡ አይቀርም፤ የመውጫ ፈተናም አለ። ነገር ግን የሚጥለው ካልኩለስ ብቻ አይደለም። የማሽን ንድፍ ሥዕል ማንበብ የማይችል፣ አንድን ዕቃ በሐሳቡ ቆርጦ ውስጡን ማየት የሚከብደው ጎበዝ ሒሳበኛ ሲቸገር አይቻለሁ።

«ለሴት ከባድ ነው»

ሞተር የሚያነሣው ክሬን ነው። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

«ሶሊድወርክስ ከቻልክ ኢንጂነር ነህ»

ሶሊድወርክስ ዕቃ በኮምፒውተር የሚነደፍበት ሶፍትዌር ነው፤ የሚያምር ሥዕል ይሰጥሃል። ቶርኖው ሊሠራው የማይችለውን ቅርጽም ያለ ቅሬታ ይስልልሃል። ይቻል እንደሆነ ቶርኖ ላይ የቆመውን ሰው ጠይቅ።

«ሥራ የለውም» ወይም «ሥራ ሞልቷል»

ሁለቱም ውሸት ነው። ሥራው አለ፣ ግን ብዙው ተመራቂው የሚፈልገው ቦታ አይደለም። ስኳር ፋብሪካው ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ፊንጫ ነው። ሲሚንቶው ሙገር ነው። ቦሌ ላይ ቡና እየጠጣህ የምትሠራው የመካኒካል ሥራ ከፈለግክ ሌላ መስመር አለ፦ የሕንፃ ሥራ። ሊፍት፣ የውኃ ፓምፕ፣ የእሳት መከላከያ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፤ ፎቅ በተነሣ ቁጥር እነዚህን የሚሠራላቸው ሰው ያስፈልጋል። የማሽነሪ ሽያጭም አለ፤ ግቢ እያለን እንንቀው ነበር፣ ዛሬ ከእኛ ዘንድ ደህና የሚከፈለው እሱ ነው። አየር መንገድ ያሉ የጥገና ቴክኒሺያኖች ደግሞ የራሳቸው ሥልጠናና ላይሰንስ አላቸው፤ ዲግሪ ስላለህ አውሮፕላን ላይ ፈርም አይሉህም።

«ውጭ ወረቀቱ አይሠራም»

ይሄ እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመሐንዲስ ላይሰንስ በዋናነት የሚያስፈልገው ለሕዝብ አገልግሎት በሚቀርብ ንድፍ ላይ ለሚፈርም ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ የላቸውም። ዲግሪህን ግን ማስገምገም አለብህ፣ ጊዜም ይወስዳል። አብሮኝ የተማረ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ማቀዝቀዣ ይከታተላል። ያስቸገረው እንግሊዝኛው ወይም ቴርሞዳይናሚክሱ አልነበረም። ኢንችና ፓውንዱ ነበር። ሙቀትን ቢቲዩ በሚባለው የአሜሪካኖች መለኪያ መቁጠር እስኪለምድ ድረስ፣ የመቀየሪያ ቁጥሮች የተጻፉባት ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ አትጠፋም ነበር።