«ትልቅ ኪቦርድ ካልገዛሁ አይሆንም» እና ሌሎች ገንዘብ የሚያስበሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ቢት (የዘፈን ማጀቢያ ሙዚቃ) መሥራት የሚፈልጉ ጀማሪዎችን ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሚደውልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ምን ልግዛ?» ግን መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ዋጋ አጠያይቋል፣ ዝርዝር ጽፏል፣ ዝርዝሩን ዱባይ ላለች አክስቱ ልኳል። ከዝርዝሩ ግማሹ አይጠቅመውም። ዕቃው ሁሉ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት የዓመት ቁጠባውን ለማያስፈልገው ዕቃ ሲያወጣ ሳይ ከልቤ ያመኛል።

«ትልቅ ኪቦርድ ሳይኖር ሙዚቃ አይሠራም»

ከሁሉም በላይ የሰለቸኝ ይሄ ነው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ዘፋኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስጨፍራሉ። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ክራሩም ከኪቦርዱ ይወጣል። ያንን እያየ ያደገ ልጅ ሙዚቃው ሁሉ ያ ዕቃ ውስጥ ያለ ቢመስለው አይገርምም። ለመድረክ ሥራ ከሆነ ልክ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ግን ድምፁ የሚወጣው ከሶፍትዌሩ ነው። ኪቦርዱ የሚልከው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ ብቻ ነው። ይህ መልእክት ሚዲ ይባላል። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። ከትልቁም ኪቦርድ ከትንሹም የሚመጣው «ዶ» ላፕቶፑ ጋ ሲደርስ ያው «ዶ» ነው።

አንድ ተማሪዬ ዓመት ከመንፈቅ ሲቆጥብ ቆይቶ ነው የመጣው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ሊገዛ ሁለት ወር ቀርቶታል። «ቤት ውስጥ ምንም የለም?» አልኩት። «የወንድሜ አሮጌ ያማሃ አለ፣ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ግን የልጆች ነው» አለኝ። የጀርባውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። አቧራ የጠጣ የያማሃ ፒኤስአር ሞዴል ነው። በስተግራ በኩል አራት ማዕዘን የሆነች ቀዳዳ አለች፤ ከላይዋ «ዩኤስቢ ቱ ሆስት» ተጽፎባታል። እዚያ የሚሰካው ገመድ የፕሪንተር ገመድ ነው። የፕሪንተር ገመድ ደግሞ ሰፈሩ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ አለው። በማግስቱ ማታ በዚያ ኪቦርድ የተመታ ትዝታ ላከልኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ዕቃው ከራሱ በላይ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን፣ የጎረቤታችሁን፣ የአጎታችሁን ኪቦርድ ጀርባ እዩ። ዩኤስቢ ከሌለው አምስት ቀዳዳ ያላቸው ክብ መሰኪያዎች ይኖሩት ይሆናል። ለእነሱ ከሚዲ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይሸጣል።

የሚገዛ ከሆነም ባለ 25 ቁልፍ ትንሹ ሚዲ ኪቦርድ ይበቃል። አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ላይ ከቁልፎቹ ሌላ ከበሮ የሚመታባቸው 8 ፓዶች አሉ። «25 ቁልፍ ምን ያደርጋል?» ለሚሉኝ የምመልሰው በቅኝት ነው። 25 ቁልፍ ማለት ሁለት ኦክታቭ ነው፤ ኦክታቭ ከአንዱ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ ሁሉም በአንድ ኦክታቭ አምስት ድምፅ ነው የሚጠቀሙት። ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ሲያስፈልግ የኦክታቭ ቁልፏን መጫን ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው። ማሲንቆ አንድ ጭራ። አዝማሪው በዚያች አንድ ጭራ ሌሊቱን ያነጋል፤ እኛ 25 ቁልፍ አነሰን እንላለን!

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሚዲ ኪቦርድ ብቻውን ድምፅ የለውም። አንዲት ልጅ ገዝታ፣ ሰክታ፣ ቁልፉን ብትነካው ዝም ሲላት «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብላ ልትመልሰው ስትሄድ ነው መንገድ ላይ የያዝኳት። ሶፍትዌር ከፍታችሁ አንድ መሣሪያ ስትመርጡ ነው የሚናገረው።

ኪቦርዲስቱን ኃይሉ መርጊያን አስቡ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የሚባል የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) እና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ የዓለም ጆሮ ውስጥ ገባ። ዕቃዎቹ ርካሽ ነበሩ አላልኩም። ጥቂት ነበሩ፣ እሱ ግን ጠንቅቆ ያውቃቸው ነበር። የሮላንድ 808 ከበሮ ማሽን ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ከ1980 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ብቻ ተመርቶ ቆመ፤ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ብዙ ሰው ናቀው። ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው አሮጌውን በርካሽ ገዝተው ዛሬ ሁላችሁም የምትፈልጉትን ያንን ወፍራም ቤዝ ያወጡበት። ዛሬ የ808 ድምፅ በነጻ ይወርዳል።

«ነጻ ሶፍትዌር ለጨዋታ ነው»

አይደለም። ጋራጅባንድ የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር አይፎንና ማክ ላይ በነጻ አለ። አንድሮይድ ለያዘ ባንድላብ አለ። ሪፐር ምንም ሳይቀነስበት 60 ቀን ያስሞክራል፤ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የኤፍኤል ስቱዲዮ ሙከራ ሥራችሁን ወደ ድምፅ ፋይል ያወጣል፤ ዘግታችሁ ስትመለሱ ግን ፕሮጀክቱን አይከፍትላችሁም። ቫይታልና ሰርጅ የሚባሉት ሲንተሳይዘሮች በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ እኔ በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። ክራክ የተደረገ (ቁልፉ ተሰብሮ የተሰረቀ) ፕላጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ሶፍትዌር፣ ጭኖ ላፕቶፑን ቫይረስ የበላበት ልጅ ግን በየጊዜው ይመጣብኛል።

ሶፍትዌሩ የእኛን ምት አያውቅም የሚሉም አሉ። ሲከፈት የምት ቆጠራው 4/4 ላይ ስለሚሆን ነው። 6/8 ላይ አድርጉትና ችክችካውን ሞክሩ። ምንም አያስከፍልም።

«ብሉቱዝ ሄድፎንም ይሠራል»

ለመስማት እንጂ ለመጫወት አይሆንም። ቁልፉን ነክታችሁ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ባለ ገመድ ይሁን።

«የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ድምፅ አይወጣም»

ይወጣል። ካርቶኑ አቧራና በረሮ ይሰበስባል እንጂ ድምፅ አያግድም።

«ከሁሉ በፊት ሞኒተር ስፒከር»

በዚህኛው እኔም ተጎድቻለሁ። በመጀመሪያ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ሞኒተር ስፒከር፣ ማለትም ድምፁን ሳያሳምር የሚያሰማ የስቱዲዮ ስፒከር፣ ገዛሁበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስት በሦስት በማትሞላ ክፍል፣ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቤዙ በጣም በዛብኝና ቀነስኩ፣ ደግሜ ቀነስኩ። ሥራውን በፍላሽ ይዤ ጓደኛዬ ሚኒባስ ውስጥ ከፈትነው። ቤዝ የሚባል ነገር የለም! ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙን ያሳብጠዋል፤ ያበዛው ሙዚቃው ሳይሆን ክፍሉ ነበር። እኔ የቀነስኩት ሙዚቃው ውስጥ የነበረውን ትክክለኛውን ቤዝ ነው።

ባዶ የኮንክሪት ግድግዳ ያለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ምርጡም ስፒከር ይዋሻል። ጋቢና ወፍራም መጋረጃ ማስተጋባቱን ትንሽ ይቀንሱ ይሆናል፣ ቤዙን ግን አይነኩትም። ስለዚህ ለጀማሪ ጆሮን የሚሸፍን ባለ ገመድ የስቱዲዮ ሄድፎን ይሻላል። ቤዝ የሚያጋንኑትን የፋሽን ሄድፎኖች ተዉአቸው። ሄድፎኑ ላይ «250 ኦም» የሚል ካያችሁ ላፕቶፕ ብቻውን በደንብ አይገፋውም፣ ድምፁ ያንሳል፤ 32 ኦም ገደማ የሆነውን ምረጡ። የሠራችሁትን ደግሞ በስልክም፣ በታክሲም፣ በቤት ቴሌቪዥንም አዳምጡት።

«ኮንደንሰር ማይክ ጥራት ነው»

መጀመሪያ ነገር፣ ድምፅ የማትቀዱ ከሆነ ማይክም ሳውንድ ካርድም (ማይክን ከላፕቶፕ የሚያገናኘው ሳጥን) አያስፈልጋችሁም። የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ኮንደንሰር የሚባለው ስስ ማይክ ሁሉንም ይሰማል፤ የጎረቤትን ቡና ወቀጣ፣ የቆርቆሮውን ዝናብ፣ ውሻውን ጭምር። ማስተጋባቱ ባልተቀነሰ ክፍል ውስጥ ከሩቅ ያለውን ብዙ የማይሰማውን ዳይናሚክ ማይክ አፍን ጠጋ አድርጎ መጠቀም በጣም ይሻላል። ሹር ኤስኤም 58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። አስመስለው የሠሩት ግን ገበያውን ስለሞላው ከምታምኑት ሰው ግዙ።

«ላፕቶፔ ደካማ ስለሆነ ነው የሚዘገየው»

ቁልፍ ተነክቶ ድምፁ ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር ጫኑ። ሴቲንግ ውስጥ በፈር የሚለውን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) ከ1024 ወደ 256 አውርዱት፤ በፈሩ ብቻውን የሚያዘገየው ወደ 6 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፣ ጣት አያስተውለውም። ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ትንሽ መልሱት። ከዚያ በኋላም ካስቸገረ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አያሳስብም»

ያሳስባል። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። አንድ ተማሪዬ ዘመዱ በሻንጣ ያመጣችለትን ስፒከር ሰካ፤ ጭስ ወጣ፣ አለቀ። አንድም ዘፈን አልሰማበትም። በላፕቶፑ ዩኤስቢ የሚሠሩ ትንንሽ ኪቦርዶችና ሳውንድ ካርዶች ይህ ችግር የለባቸውም፤ መብራት ሲጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የራሱ ኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ዕቃ ሲመጣላችሁ ግን ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩን ገልብጡ፣ ስፒከር ከሆነም ጀርባውን እዩ። «100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ ስኩት። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር እስክታገኙ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።